የግማሽ እግር ዱካ

አበልጄ ዴልፊና አኒካማ ስትቆጣ ከሩቅ ነው የምትሰማው። በእኛ ሸለቆ፣ በኢንሄኒዮ፣ እንደ እሷ የሚጮህ አስጎብኚ አልተፈጠረም። አንድ ጊዜ አንድ ወጠምሻ ጎብኚ ፎቶ ልነሳ ብሎ ከመንገዱ ወጣ ሲል፣ "እግርህን! እግርህን አንሣ!" ብላ ስትጮህበት፣ እኔ ሚኒባሴ ውስጥ ተኝቼ የነበርኩት ሰውዬ ብትት ብዬ መሪ ጨበጥኩ። ጎብኚው ያነሳውን እግሩን የሚያሳርፍበት ጠፍቶት በአንድ እግሩ ቆሞ ቀረ። እሷ ደግሞ ወዲያው ለስለስ ብላ፣ "አየህ የኔ ጌታ፣ አሁን የረገጥካትን ቦታ የልጅ ልጅህ መጥቶ ያያታል። ስምህንም ጨምረህ ብትጽፍባት ይሻል ነበር" አለችው።

እውነቷን ነው። ሜዳችን ዝናብ አያውቅም። ከላይ ፀሐይ ያጠቆረው ጠጠር አለ፣ ከሥሩ ነጣ ያለ አፈር። ጠጠሩን ገፋ ካደረጉት ነጩ ይወጣል፤ አንዴ ከወጣ ደግሞ ተመልሶ አይሸፈንም። የጥንቶቹ ሰዎች ሜዳው ላይ ያሉትን ግዙፍ ሥዕሎች፣ ዝንጀሮውንም፣ ሸረሪቱንም፣ ያን ሁሉ ወፍ የሳሉት በዚሁ ዘዴ ነው። ለምን እንደሳሉት አትጠይቁኝ፣ እኔ ሾፌር ነኝ። ስሜ ሲልቬሪዮ ይባላል። ዴልፊና የመጀመሪያ ልጄን ክርስትና ያነሳችልኝ ናት፤ ጎብኚ ስናመላልስ አብረን አርጅተናል። አሁን የማወራችሁ ነገር ከደረሰ ትንሽ ሰንበት ብሏል፤ ድንጋጤው ግን እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። ምግብ እየበላሁ ትዝ ሲለኝ ማንኪያው እጄ ላይ ይቀራል።

ዴልፊና የጥጥ ለቃሚ ልጅ ናት፤ እሷም ጥጥ ስትለቅም ነው ያደገችው። ኤላዲዮን ያገባችው ሁለቱም ገና ለግላጋ ሳሉ ነበር። ኤላዲዮ በጥጥ መዳመጫው ፋብሪካ የሚሠራ፣ ጊታር የሚነካካ፣ ሲስቅ ድዱ የሚታይ ልጅ ነበር። በተጋቡ በሁለተኛው ዓመት ማሽኑ ቀኝ እግሩን ያዘው። ጣቶቹን ከነግማሽ ውስጥ እግሩ ወሰዳቸው። የፋብሪካው ባለቤት ለሕክምና ከፈለና "እግዜር ይማርህ" ብሎ አሰናበተው። አንካሳ ምን ይሠራልኛል ማለቱ ነበር።

የገበያ በረባሶ ለሁለት እኩል እግር ነው የሚሠራው። ስለዚህ ዴልፊና ከጎሚስታው አሮጌ ጎማ ለምና አምጥታ፣ በቢላ ቀድዳ፣ ራሷ ሠራችለት፤ ግራው ሙሉ፣ ቀኙ ግማሽ። እኔ ራሴ ጎማውን ይዤላታለሁ። ኤላዲዮ ተጫምቶ ቆመና፣ "አሁን ደግሞ ሁለት ሰው መሰልኩ፤ በአንድ በኩል አባት፣ በአንድ በኩል ልጅ" አለ። ሳቅን። ያኔ የሳቀው የመጨረሻ ሳቁ ይመስለኛል።

ከዚያ በኋላ ሰውየው ተቀመጠ። ደጃፉ ላይ ካለችው እሾሃማ ዛፍ ሥር ጠዋት ይቀመጣል፣ ማታ ይነሣል። እሷ እጇ ተቧጭሮ ከጥጥ ማሳ ስትመጣ እሱ እዚያው ነው። ጊታሩን እንኳ አይነካም። አንድ ምሽት እራት ላይ ዴልፊና ትዕግሥቷ አለቀና፣ "የተቆረጠው እግርህ ነው እንጂ እጅህ አይደለም!" አለችው። ኤላዲዮ ማንኪያውን አስቀመጠና ወደ አልጋው ሄደ። በማግስቱ ጥጥ ለቅማ ስትመለስ ዛፉ ሥር ማንም አልነበረም።

እንግዲህ መንደር ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ሳይውል ሳያድር የአውቶቡስ ረዳቱ፣ "አንድ የሚያነክስ ሰው የተሳፈረ መሰለኝ" አለ። መሰለኝ ያለው ነገር በሳምንቱ "ተሳፍሯል" ሆነ። ከዓመት በኋላ ደግሞ ጎረቤታችን ባልዶሜሮ ከሊማ ሲመለስ፣ "ኤላዲዮን ገበያ ውስጥ አየሁት! ጭማቂ ይሸጣል። ወፍሯል! አጠገቡ አንዲት ቀይ ሴት አለች" ብሎ አወራ። ወፍሯል የምትለዋ ነገር ናት ዴልፊናን የገደለቻት። ባሏ ቢሄድ አንድ ነገር ነው። ሄዶ መወፈሩ ግን እንቅልፍ ነሣት።

ሜዳው ላይ ግን ማንም አልፈለገውም። የእኛ ሰው ሜዳውን አያቋርጥማ! ከልጅነታችን ጀምሮ እዚያ መርገጥ ነውር ነው፣ ቀጥሎም ወንጀል ሆነ። የሚሄድ ሰው በአውቶቡስ ነው የሚሄደው። ይኸው ነው ያሰብነው፤ እኔም ከሌላው የተለየ ነገር አላሰብኩም።

የኤላዲዮ እናት እማማ ቶማሳ እዚያው ግቢ ውስጥ፣ ከጭቃ ግንብ ወዲያ ነው የምትኖረው። ልጄ በሰላም አልሄደም፣ ያባረረችው እሷ ናት ብላ ምራቷን ማናገር አቆመች። ማናገር አቆመች ስላችሁ ዝም አለች ማለቴ አይደለም። ሁለቱም በግንቡ ላይ አሽሙር ይወራወራሉ። እማማ ቶማሳ ዶሮዋን፣ "አይ አንቺ፣ ወንድ ማቆየት ያልቻልሽ!" ትላታለች። ዴልፊና ደግሞ ድመቷን፣ "እናቱ ጥሩ አድርጋ ብታሳድገው ኖሮ የት ይሄድ ነበር?" ትላታለች። ዶሮዋ ስንት ጊዜ ታርዳ በሌላ ተተካች፣ ድመቷም ሞተች፤ አሽሙሩ ግን ቀጠለ። አሮጊቷ አንድ ነገር ላይ ብቻ ትጸናለች፤ "ልጄ ትቶኝ አይሄድም። ከሄደም ይመጣል።"

በሙታን ቀን በየቤቱ ለሞተ ሰው የሚወደውን ምግብ በሳህን እናቀርባለን። እማማ ቶማሳ ልጇ በሕይወት አለ ብላ ለእሱ አታስቀምጥም። ዴልፊናም አታስቀምጥም። አንድ ጊዜ ሚስቴ፣ "ለምን ጥቁር ለብሰሽ አይወጣልሽም?" ብትላት፣ "ሊማ ቁጭ ብሎ ለሚወፍር ሰው ነው ጥቁር የምለብሰው?" ብላ ጮኸችባት። መበለት እንዳይሏት ባሏ አልሞተም፤ ባለትዳር እንዳይሏት ባል የለም። "የተተወችው" ነበር የሚሏት። ሠላሳ ዓመት በዚያ ስም ኖረች።

አስጎብኚ የሆነችውም በእልህ ነው። መጀመሪያ ጎብኚ ወጥቶ ሥዕሎቹን የሚያይበት የድሮው ማማ ሥር ውሃና ጣፋጭ ትሸጥ ነበር። አስጎብኚዎቹ የሚሉትን ከሥር ሆና ስትሰማ ቃል በቃል ያዘችው፤ ሲሳሳቱ ደግሞ ከታች ትጮህባቸዋለች። በመጨረሻ ይህችን ሴት ዝም ለማሰኘት ፈቃድ መስጠት ይሻላል ተባለና ፈቃድ ወሰደች። ይኼውላችሁ፣ ዴልፊና ማለት እንግዲህ እንዲህ ያለች ሰው ናት።

ባለፈው ዓመት በሜዳው ምሥራቃዊ ዳር አዲስ የምንቃረ ረጅም ወፍ ሥዕል ተገኘ ተብሎ አዲስ የብረት ማማ ተሠራ። ማንም ወደማይሄድበት በኩል ነው። እኔና ዴልፊና ጎብኚ ይዘን የሄድነው ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር። ከሰዓት በኋላ ነው፤ ፀሐይ ዘንበል ስትል መስመሩ ሁሉ ቁልጭ ብሎ ይወጣል። ከጎብኚዎቹ መሃል አንዲት ከአሬኪፓ ከተማ የመጡ ጡረተኛ አስተማሪ ነበሩ፤ ክንድ የሚያህል ካሜራ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለዋል። እኔ ከታች ጎማዬን እየረገጥኩ አየሩን አያለሁ፤ የላይኛው ወሬ ይሰማኛል።

"ልጄ፣ ያኛውስ የጥንቶቹ ነው?" አሉ አስተማሪዋ።

"የቱ እትዬ?"

"ከወፉ ወዲያ ያለው። ሰው በመርፌ የሰፋው ይመስላል።"

"እሱማ የሌባ መንገድ ነው" አለች ዴልፊና፣ ዞር ብላም ሳታይ። "መቃብር ቆፋሪዎች ናቸው። የጥንቱን ሬሳ አራቁተው ጨርቁን ይሸጣሉ። ይቅር አይበላቸው።"

"እንግዲያው ሌባው አንካሳ ነበር። አንዱ እግሩ ረጅም ነው፣ አንዱ አጭር። ይኸው፣ እዪው።"

ዴልፊና ሳቀች። ካሜራውን ስትቀበል፣ "እስቲ የአሬኪፓ ሰው ዓይን…" ስትል ሰማሁ። ከዚያ ዝም አለች። ዴልፊና ዝም ስትል ሰምቼ አላውቅም።  ሰው የወደቀ መስሎኝ የብረቱን ደረጃ እየዘለልኩ ወጣሁ።

"አበልጅ" አለችኝ። ፊቷ አመድ መስሏል። "እየው።"

አየሁ። በካሜራው ውስጥ ሜዳው አጠገቤ መጣ። ጥቁሩ ጠጠር ላይ ነጫጭ እግሮች ተራ በተራ ይሄዳሉ። ሙሉ፣ ግማሽ። ሙሉ፣ ግማሽ። የማማውን ብረት ጨበጥኩ። ያን ጎማ በቢላ ስትቀድ የያዝኩት እኔ ነኝ።

"ሊሆን አይችልም" አልኩ። እንዲያው አፌ ነው የተናገረው።

"የኤላዲዮ ነው።"

የማማው ጠባቂ ሩፊኖ ጫጫታ የተነሣ መስሎት ወጣ። የምናየውን ሲያይ ፈገግ ብሎ፣ "እሱን ነው? እሱን እኮ በየቀኑ አየዋለሁ። የቆየ ነው" አለ።

"በየቀኑ?" አለች ዴልፊና።

"ማማው ከተተከለ ጀምሮ። የመቃብር ሌባ ነው ብዬ… ምነው? ምን አጠፋሁ?"

ምንም አላጠፋም፣ ምስኪኑ። እኛ ግን ይህ ነገር በየቀኑ እዚህ ተዘርግቶ ሲታይ ኖሯል የሚለው ነገር አፈዘዘን። ሊማ ገበያ ውስጥ አለ ሲባል የኖረ ሰው፣ ዱካው ከቤቱ ጀርባ ተቀምጧል!

አስተማሪዋ ዘመድ የሞተበትን ሰው ያውቃሉ መሰለኝ፣ ጥያቄ አላበዙም። "ኑ እናንተ፣ እኛ መኪና ውስጥ እንጠብቃለን" ብለው ጎብኚውን ሁሉ እንደ ተማሪ አሰልፈው ወረዱ።

ዴልፊና ከደረጃው ወርዳ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ደረሰችና ቆመች። እግሯን አነሣች። ማሳረፍ ግን አቃታት። ሰውን ሁሉ ስትጮህበት የኖረችበትን መሬት ራሷ መርገጥ አልሆነላትም፤ አንድ እግሯ ተንጠልጥሎ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። "ሩፊኖ፣ እባክህ" አለች። ድምፅዋን እንዲህ ዝቅ አድርጋ ሰምቻት አላውቅም።

"ሥራዬን ታሳጪኛለሽ እናቴ!" አለ ሩፊኖ። ራሱን አከከ፣ ወደ መንገዱ አየ፣ ሰደበን መሰለኝ፣ ከዚያ የጥበቃ ዳሱ ውስጥ ገብቶ ተመራማሪዎቹ ሜዳ ላይ ሲሄዱ የሚያጠልቁትን ሰፋፊ የስፖንጅ ጫማ ይዞ መጣ። እንደ ትሪ የሚሰፋ ነው፤ ዱካ አይተውም። "ከዱካው ጎን ጎን ብቻ! እሱን እንዳትረግጡት" አለ።

"እኔን ነው የምታስተምረኝ?" አለችው። ያቺ ዴልፊና አልጠፋችም ማለት ነው አልኩ።

ሦስታችን ሄድን። ዱካው ከወንዙ በኩል፣ ከመንደራችን ጀርባ ነው የሚመጣው። ዴልፊና አንገቷን ደፍታ እያየች ድንገት ክንዴን ያዘችኝ። ፊቷ በርቷል።

"ሊማ አልሄደም! አየህ አበልጅ? አውቶቡስ አልተሳፈረም! አልወፈረም! እዚህ ነው የቀረው፣ ጠፍቶ ነው፣ ወይ ገድለውት ነው! አልተወኝም!"

 ሴት ባሏ በመሞቱ እንዲህ ስትፈነጥዝ አይቼ አላውቅም። ግን ገባኝ፤ ሠላሳ ዓመት ስትጠብቅ የኖረችው ባሏን ሳይሆን ይህችን ቃል ነበር። "አልተወሽም" አልኳት። ምነው ምላሴን በቆረጠው።

ምክንያቱም ዱካው ቀጥ ብሎ ሄደ። የጠፋ ሰው እንዲህ አይሄድም። የሚሄድበትን የሚያውቅ ሰው እግር ነው፤ ሙሉ፣ ግማሽ፣ ሙሉ፣ ግማሽ፣ ሳያወላውል ወደ አውራ ጎዳናው። ከሩቅ የጭነት መኪኖች ሲያልፉ መታየት ጀመሩ። ዴልፊና ርምጃዋ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄዶ ቆመች።

"በጓሮ ነው የወጣው" አለች። "በመንደሩ በኩል ከሄድኩ ያዩኛል ብሎ፣ ማንም በማይረግጥበት በኩል ወጣ።"

 ሩፊኖ ደግሞ ምንም ሳያውቅ፣ "መንገዱ ጋ ከደረሰ መኪና አያጣም" አለ። በዓይኔ ልበላው ደረስኩ።

"ባልዶሜሮ እውነቱን ነው" አለች። "ወፍሯል።"

"እንመለስ፣ አበልጅ። ይበቃል።"

"አይ። እስከ አስፋልቱ እሸኘዋለሁ። ያኔ አልሸኘሁትም።"

 ስታለቅስ ባየኋት ይሻለኝ ነበር፤ አላለቀሰችም። እንደ ትሪ በሚሰፋው ጫማ እየተንገዳገደች ፊት ፊት ሄደች። አስፋልቱ ከታች ቁልጭ ብሎ የሚታይበት ትንሽ ጉብታ አለ። እዚያ ስንደርስ ዱካው ተበተነ። ጠጠሩ ተጠርጎ መቀመጫ የሚያህል ቦታ ነጥቷል። ዙሪያው ሙሉና ግማሽ፣ ግማሽና ሙሉ፣ ወዲህና ወዲያ፣ በላይ በላዩ ነው። ሰውየው እዚህ ብዙ ተቀምጧል፣ ብዙ ተንጎራዷል። መኪኖቹን ሲያይ ነበር።

ከጉብታው ወደ አስፋልቱ የሚወርድ ዱካ ፈለግን። ሩፊኖ በቀኝ፣ እኔ በግራ። የለም። ቁልቁለቱ ማንም ያልነካው ጥቁር ጠጠር ነው።

"አበልጅ!" አለች ዴልፊና።

ከመጣንበት ዱካ ጎን፣ ራቅ ብሎ፣ ሌላ ዱካ አለ። እንዴት ሳናየው እንደመጣን አላውቅም፤ ዓይናችን ሁሉ ፊት ፊት ነበር። ሙሉና ግማሽ ነው። የጫማው ጫፍ ወደ እኛ መንደር ዞሯል።

  ዴልፊና አጎንብሳ በዓይኗ ብቻ ዳሰሰችው፤ በጣቷ ልትነካው እጇን ዘረጋችና መልሳ ሰበሰበችው።

"ተመለሰ" አለች። "ትቶኝ ሄዶ ነበር። ተመለሰ።"

ከዚያ በኋላ እየተከተልናት መሮጥ ብቻ ሆነ። የመመለሻው ዱካ መጀመሪያ እንደ መሄጃው ቀጥ ያለ ነበር፤ እንዲያውም ረዘም ረዘም እያለ ይራመዳል፣ ተቻኩሏል። ትንሽ እንደሄደ ግን መጣመም ጀመረ። ከሰዓት በኋላ የሚነሣውን የአሸዋ ነፋስ የእኛ ሰው ያውቀዋል፤ ሲነሣ እጅህን አታይም፣ በሩን ዘግተህ ትቀመጣለህ እንጂ ማንም ሜዳ ላይ አይገኝም። ዱካው ቀኝ አለ፣ ክብ ሠራ፣ ቆመ፣ እንደገና ቀኝ አለ። ቤቱ ግን በግራ ነው።

"ወደ ግራ!" ብላ ጮኸች ዴልፊና። ያ የአስጎብኚ ጩኸቷ ነው፣ ሜዳውን የሚሰነጥቀው። "ወደ ግራ ኤላዲዮ! ቤቱ በግራ ነው! ምን ነካህ? ወደ ግራ እግርህን አንሣ!"

ሩፊኖ አማተበ።  ሠላሳ ዓመት ያለፈውን እግር እየተከተለች ትጮህበታለች፤ እሱም እንዳልሰማ ወደ ቀኝ፣ ወደ ቀኝ ይሄዳል። አፌን ከፍቼ አብሬያት ልጮህ ምንም አልቀረኝም።

ዱካው ደረቅ ገደል አፋፍ ላይ አለቀ። አፋፉ ተንዷል።

ቀድሞ የወረደው ሩፊኖ ነው።  ከዚያ ቀና ብሎ አየንና ባርኔጣውን አወለቀ። እኔ ዴልፊናን ልይዛት ስል ቀድማኝ በቂጧ እየተንሸራተተች ወረደች።

በገደሉ ሥር ጎድጎድ ያለ ቦታ ውስጥ፣ ጉልበቱን አቅፎ፣ ጀርባውን ለነፋሱ ሰጥቶ ተቀምጧል። አሸዋው እስከ ወገቡ ቀብሮታል። አገራችን ሬሳ አያፈርስም፤ የሺህ ዓመቱን ጥንታዊ ሰው ከነፀጉሩ ያቆያል፣ የእኛንም እንዲሁ። ቆዳው ደርቆ ጠቁሯል እንጂ ፊቱ የእሱ ፊት ነው። ቅንድቡ አለ። ፀጉሩ አለ፣ ጥቁር ነው፣ አንዲት ሽበት የለበትም። አንድ እግሩ ክፉኛ ተጣሟል፤ የተሰበረው ደህነኛው እግሩ ነበር።

ዴልፊና ፊት ለፊቱ ተንበረከከች።  ፊቱን አይታ አይታ ወደ እኔ ዞረች። እንደዚያ የደነገጠ ፊት ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም።

"አበልጅ፣ ልጅ ነው እኮ" አለችኝ።

እሷ ፀጉሯ ሸብቷል፣ ጥርሷ ጎድሏል፣ ሁለቱም ጉልበቷ ያማታል። እሱ በዕድሜ ልጇ ይሆናል። ይህን ሁሉ ዘመን ሊማ ላይ የሚወፍር፣ አብሯት የሚያረጅ፣ አንድ ቀን አግኝታ ልክ ልኩን የምትነግረው ሰውዬ ነበር በልቧ ያለው። ያ ሰው የለም። አልነበረም። የነበረው ይህ የሃያ ምናምን ዓመት ልጅ ነው፤ አንድ ቀን ብቻ የተቆጣና ቁጣው ከሰዓት በኋላ የበረደለት።

"እኔ እኮ ስሰድበው ነው የኖርኩት" አለች። "ልጁን።"

 በየሙታን ቀኑ የሁላችንም ጠረጴዛ ሙሉ ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ፣ እኔም ጭምር፣ ለአያት ለቅድመ አያቱ ሳህን ስንደረድር እሱ እዚህ ከቤቱ ጀርባ ተቀምጧል፣ አንድ ቁራሽ ያስቀመጠለት የለም። ባልዶሜሮ አሁንም በሕይወት አለ። "የሆነ እሱን የሚመስል ሰው አይቼ ይሆናል" ነው የሚለው ዛሬ። ሰላም አልለውም።

ፖሊስም ዐቃቤ ሕግም መጡ፤ ጻፉ፣ ለኩ፣ ጠየቁ። ሩፊኖ ስለ ስፖንጁ ጫማ ሲጠየቅ ሰማይ ሰማይ አየ። የአሬኪፓዋ አስተማሪ ጎብኚዎቹን ሁሉ በሌላ መኪና ሸኝተው እሳቸው ብቻ ቀርተው ነበር፤ ዴልፊናን ምንም ሳይሉ አቅፈዋት ሄዱ። ወደ መንደር ስንመለስ መሽቶ ነበር። በመንገዱ ሁሉ አንድ ነገር ይከነክነኝ ነበር፤ ለአሮጊቷ ምን ልትላት ነው? ዱካው ሁለት ነው። አንዱ የሚለውን ሌላው ያፈርሰዋል። ደግሞ ማንም ሄዶ ሊያየው ይችላል፣ አይጠፋም።

እማማ ቶማሳ ከወይኑ ዳስ ሥር ፋኖስ አብርታ ተቀምጣ ባቄላ ትፈለፍል ነበር። ዘጠና ሊሞላት ነው፤ ዓይኗ ደክሟል፣ ምላሷ ግን አልደከመም። ዴልፊና በበር ስትገባ ቀና አለችና፣ "ዛሬ ምን ነካሽ? ግንቡ ፈረሰ እንዴ፣ በበር የመጣሽው?" አለቻት። ከልጇ መጥፋት ወዲህ በቀጥታ ስታናግራት ይህ የመጀመሪያው ነው።

ዴልፊና እግሯ ሥር ተቀመጠች።

"እማማ፣ ኤላዲዮ ተገኘ።"

የአሮጊቷ እጅ ባቄላው ላይ ቆመ። "ሊማ?"

"አይደለም። ሜዳው ላይ። ከቤታችን ጀርባ። ያኔውኑ ነው… ያኔውኑ ነው እማማ።"

ጩኸት ጠበቅሁ። ወድቃ ትሞትብናለች ብዬ ተጠጋሁ። እማማ ቶማሳ ግን አልጮኸችም።  እሷም የዚህ አገር ሰው ናት፤ ሜዳው ምን እንደሚያቆይ ታውቃለች።

"ዱካውን አየሽው?" አለች።

"አየሁት።"

"ሲሄድ ነው ሲመጣ?"

ዴልፊና ቀና ብላ እኔን አየችኝ።  ይህቺ ሴት ይህን ያህል ዘመን ስትሰደብ የኖረችው "አንቺ ነሽ ያባረርሽው" እየተባለች ነው፤ አሁን "ሄዶ ነበር፣ እርስዎንም ትቶ ነው የሄደው" ብትላት እውነቷን ነው፤ ማንም አይፈርድባትም።

"ሲመጣ ነው እማማ" አለች። "ወደ ቤት ሲመጣ ነው።"

"አላልኩሽም?" አለች አሮጊቷ። "ልጄ ትቶኝ አይሄድም አላልኩሽም? የትም አልሄደም አላልኩሽም?"

"ብለውኛል እማማ።"

"የትም አልሄደም!"

"የትም አልሄደም" አለች ዴልፊናም፣ የአሮጊቷን ሁለት እጆች ከነባቄላው ይዛ።